«የሚሰማኝ አለ?» ስለ ፈጣሪ መኖር ስንከራከር የምናምታታቸው ሁለት ጥያቄዎች

ዘርዐ ያዕቆብ ከአክሱም ሸሽቶ በተከዜ በኩል አንድ ዋሻ ውስጥ ገባ። ዘመኑ የአፄ ሱስንዮስ ነው። ንጉሡ የካቶሊክን እምነት ተቀብለዋል፣ አገሩ በሃይማኖት ተከፍሏል። እሱም ሕዝቡን በንጉሡ ላይ ያነሣሣል ተብሎ ተከስሷል። ይዞ የወጣው ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ነው። በዚያ ዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ዳዊቱን እየደገመ ይጸልያል። አንድ ቀን ግን ጭንቅ የሆነ ሐሳብ መጣበት። ይህን ሁሉ ስጸልይ የሚሰማኝ አለ?

ይህን የሚተርክልን «ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ» የተባለው የግእዝ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን የጻፈው ማን ነው የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ጣሊያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 «የጻፈው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለው ሚሲዮናዊ ነው» ብሎ ተነሣ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልነገርኳችሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኔን ዛሬ የያዘኝ ግን ጸሐፊው ሳይሆን ጥያቄው ነው።

ጥያቄውን ልብ በሉት። «ፈጣሪ አለ ወይ?» ብሎ አልጀመረም። «የሚሰማኝ አለ?» ነው ያለው። መልስ ሲፈልግ ግን ወደ ሌላ ጥያቄ ሄደ፦ «እኔን ማን ፈጠረኝ?» እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። አንደኛው ዓለም ለምን ኖረ ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የሚያየኝ፣ የሚሰማኝ፣ የሚገደው አለ ወይ ይላል። ቡና ላይም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ስልካችን ላይም ስለ ፈጣሪ ስንከራከር የማንግባባው ብዙ ጊዜ ለዚህ ይመስለኛል። አንዱ የመጀመሪያውን ይመልሳል፤ ሌላው የጠየቀው ሁለተኛውን ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሣ።

ዘርዐ ያዕቆብ እንዲህ አሰበ። ራሴን አልፈጠርኩም፤ ሳልኖር እንዴት ራሴን እፈጥራለሁ? አባትና እናቴ ፈጠሩኝ ብል፣ እነሱንስ ማን ፈጠራቸው? የእነሱን ወላጆችስ? እንዲህ እያልን ወደ ላይ ስንወጣ አንድ ቦታ መቆም አለብን። የምንቆምበት ደግሞ እንደኛ ያልተፈጠረ፣ ሌላውን ሁሉ የፈጠረ መሆን አለበት።

በዚህ መንገድ ብዙዎች ሄደዋል። በእስልምናው ዓለም ኢማም አል-ጋዛሊ (1058–1111) አሳምሮ አቅርቦታል። መነሻው አጭር ነው፦ መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ ምክንያት አለው፤ ዓለም መጀመሪያ አለው፤ ስለዚህ ዓለም ምክንያት አለው። አነጋገሩን በጥንቃቄ ተመልከቱ። «ያለ ነገር ሁሉ ምክንያት አለው» አላለም። «መጀመሪያ ያለው ነገር ሁሉ» ነው ያለው። ስለዚህ «እሺ፣ ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» የሚለው የተለመደ መልስ ይህን ክርክር አይነካውም። የሚነካው ሌላ ጥያቄ ነው፦ ዓለም በእርግጥ መጀመሪያ አለው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቢግ ባንግን ይጠራል። ነገሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዩኒቨርስ እየተለጠጠ መሆኑን በ1927 በስሌት ካሳዩት አንዱ ዦርዥ ሌሜትር ነው። ቤልጂየማዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ የካቶሊክ ቄስም ነበር። በ1964 ደግሞ ፔንዚያስና ዊልሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ትልቅ አንቴና ላይ አልጠፋ ያላቸው ድምፅ የዩኒቨርስ የጥንት ሙቀት ቅሪት ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የዩኒቨርስ ዕድሜ ወደ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ይገመታል። በ1951 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ፣ ሳይንስ «ብርሃን ይሁን» የተባለበትን ቅጽበት ያየ ያህል አድርገው ሲናገሩ ቄሱ ሌሜትር ደስ አላለውም። ንድፈ ሐሳቡ ከሃይማኖት ጥያቄ ውጭ ነው የሚል አቋም ነበረው። እኔም የሱን ጥንቃቄ እወዳለሁ። ቢግ ባንግ የሚነግረን ዩኒቨርስ በጣም ከጋለና ከታመቀ ሁኔታ እየተለጠጠ እንደመጣ ነው። ከዚያ በፊት ምን ነበር፣ «በፊት» የሚባል ነገርስ ነበር ወይ ለሚለው ፊዚክስ ገና የተረጋገጠ መልስ የለውም።

ቶማስ አኲናስ (1225–1274) ይህን ችግር ቀድሞ አይቶታል ማለት ይቻላል። ዓለም መጀመሪያ እንዳለው የማምነው በእምነት ነው፤ በአእምሮ ብቻ ላረጋግጠው አልችልም ይል ነበር። የሱ ክርክር ስለ ትናንት አይደለም፤ ስለ አሁን ነው። በከተማችን ውሃ የሚጠፋበትን ቀን አስቡ። ቤታችሁ ያለው ቧንቧ ውሃ የሚያገኘው ከሰፈሩ ቧንቧ ነው። የሰፈሩ ከዋናው መስመር ያገኛል። ቧንቧ ከቧንቧ እየቀጠላችሁ መጨረሻ የሌለው መስመር ብትዘረጉ ውሃ አይመጣም። ቧንቧ ያስተላልፋል እንጂ ከራሱ አያመነጭም። አንድ ቦታ ምንጭ ያስፈልጋል። አኲናስም ነገሮች ሁሉ መኖርን ከሌላ የሚቀበሉ ከሆነ፣ ከማንም ሳይቀበል የሚኖር አንድ ምንጭ ያስፈልጋል ይላል። ለእኔ ከዘርዐ ያዕቆብም ከጋዛሊም ይልቅ የሚከብደው ይህኛው ነው።

የዚህ ክርክር ዋነኛ ፈተና በ1948 በቢቢሲ ሬዲዮ ተሰማ። በአንድ ወገን የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ፍሬድሪክ ኮፕልስተን፣ በሌላ ወገን ፈላስፋው በርትራንድ ራስል ነበሩ። ራስል ያለው እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ሰው እናት አለው፤ ከዚህ ተነሥታችሁ ግን የሰው ዘር በሙሉ አንዲት እናት አለችው ማለት አትችሉም። መልሱ በቀጥታ ለዘርዐ ያዕቆብ የተሰጠ ይመስላል! እያንዳንዱ ነገር ምክንያት ቢኖረውም ጠቅላላው ምክንያት ላይኖረው ይችላል ማለቱ ነው። ዩኒቨርስ ዝም ብሎ አለ፤ በቃ። ኮፕልስተንም መለሰለት፦ ቼዝ ሰሌዳው ፊት አልቀመጥም ያለ ሰው ሊሸነፍ አይችልም።

በዚህ ጉዳይ የራሴን ልናገር። «ዝም ብሎ አለ» የሚለው መልስ አያረካኝም። ስለ ሌላ ስለ ምንም ነገር ቢነገረን አንቀበለውም ነበርና። ግን ራስልን ሞኝ ማድረግ ተገቢ አይደለም። አማኙም በመጨረሻ «እግዚአብሔር ያለና የሚኖር ነው» ብሎ ይቆማል። ሁለቱም አንድ ቦታ ይቆማሉ። ክርክሩ ያለው የትኛው ቦታ ላይ መቆም ያስኬዳል በሚለው ላይ ነው።

ከዚህ ሌላ፣ ከፊዚክስ የመጣ አንድ ክርክር አለ። ካርቦን ከሌለ እኛ የለንም። ካርቦን የሚሠራው በከዋክብት ሆድ ውስጥ፣ ሦስት የሂሊየም ኒውክለሶች ሲዋሐዱ ነው። በስሌት ሲታይ ይህ ውሕደት እጅግ አዝጋሚ መሆን ነበረበት። በ1953 እንግሊዛዊው ፍሬድ ሆይል፣ ካርቦን እንዲህ በብዛት ካለ ኒውክለሱ ውሕደቱን የሚያፋጥን አንድ የተወሰነ የኃይል ደረጃ ሊኖረው ይገባል አለ። ካልቴክ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎችን «ፈልጉ» አላቸው። ፈለጉ፤ አገኙት፤ 7.65 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ። ያ ደረጃ ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ኖሮ የካርቦኑ መጠን በብዙ በተለየ ነበር። ሆይል አማኝ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ግን፣ አንድ የላቀ አእምሮ በፊዚክስ ሕግጋት ውስጥ እጁን ያስገባ ይመስላል ብሎ ጻፈ። እንዲህ በጠባብ ልክ የተቃኙ የሚመስሉ የተፈጥሮ ቁጥሮች ሌሎችም አሉ።

ይህን በዕቁብ ላስረዳ። ሠላሳ አባላት ያሉት ዕቁብ ነው እንበል። በአምስት ተከታታይ ዙር የመጀመሪያው ዕጣ ለዳኛው ወጣ። ምን ትላላችሁ? «ሊሆን ይችላል» ብላችሁ አታልፉም። እጅ አለበት ትላላችሁ። የቃኚ አለ ባዮች ክርክር ይኸው ነው። ተቃዋሚው ደግሞ ይመጣና፣ በዓለም ላይ ቁጥር ስፍር የሌለው ዕቁብ ቢኖርስ ይላል። አንዱ ጋ እንዲህ መውጣቱ አይቀርም፤ እናንተም የገባችሁት እዚያው ዕቁብ ውስጥ ነው። ብዙ ዩኒቨርሶች አሉ የሚለው ሐሳብ ይህን ይመስላል። ችግሩ ሌሎቹን ዕቁቦች እስካሁን ያየ የለም። ሌላ ደግሞ የበለጠ የሚያስጨንቅ ተቃውሞ አለ። በዕቁቡ ሠላሳ ስም እንዳለ እናውቃለን። ዩኒቨርስ ሲሆን ግን ስንት ዕጣ እንደነበረ በምን እናውቃለን? አንድ ዙር ብቻ ነው ያየነው። ቁጥሮቹ ሌላ መሆን ይችሉ እንደነበርም አናውቅም። እኔ ክርክሩ የሚያስገርም ነገር አሳይቷል እላለሁ። ዕድሉን በቁጥር አስልቶ «ተረጋገጠ» ማለት ግን ካለን በላይ ማውጣት ነው።

እስቲ ይህ ሁሉ ሠራ እንበል። አሁን በእጃችን ያለው ምንድን ነው? አንድ የመጀመሪያ ምክንያት፣ ምናልባትም አንድ ቃኚ። ዋሻ ውስጥ ያለው ሰው የጠየቀው ግን ሌላ ነበር። ያ የመጀመሪያ ምክንያት ይሰማል?

ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ድልድይ ያስፈልጋል። ሊቃውንቱ ድልድይ መሥራት ሞክረዋል። ጋዛሊ የተራበን ሰው ያስባል። ሁለት ፍጹም አንድ ዓይነት ተምሮች ፊቱ ተቀምጠዋል። አንዱን ብቻ ነው መውሰድ የሚችለው። ቆሞ አይራብም፤ አንዱን ያነሣል። ልዩነት በሌለበት የሚመርጥ ነገር ፈቃድ ይባላል። ዓለምም ሌላ ጊዜ ሳይሆን በዚህ ጊዜ ከጀመረ ከበስተኋላው የሚመርጥ ፈቃድ አለ ማለት ነው ይላል። ዘርዐ ያዕቆብ ደግሞ ከዳዊት አንድ ቃል አነሣ፦ «ጆሮን የተከለው አይሰማምን?» አእምሮ የሰጠን ራሱ አእምሮ የሌለው ሊሆን አይችልም አለ። ውብ ሐሳብ ነው። ድልድዩ የተነካው ግን በ1859 ነው። ዳርዊን ጆሮም ሆነ ዓይን በረጅም ዘመን፣ በጥቃቅን ለውጥና በተፈጥሮ ምርጫ እንዴት ሊመጣ እንደሚችል አሳየ። ከዚያ በፊት፣ በ1802 እንግሊዛዊው ቄስ ዊልያም ፔሊ፣ ሜዳ ላይ ሰዓት ብታገኝ ሠሪ አለው ትላለህ፤ የእንስሳ አካልም እንዲሁ ነው ብሎ ነበር። ዛሬ ይህ መንገድ ብዙም አያስኬድም። በዝግመተ ለውጥ የሚያምን አማኝ ሞልቷል፤ ጆሮን የተከለበት መንገድ ይህ ነው ይላል። ማለት ይቻላል። ጆሮ ስላለን ብቻ ግን የሚሰማ አለ ብሎ መደምደም አስቸጋሪ ሆኗል።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ የተቃውሞው ወገን ጉልበት ያገኛል። ምክንያቱ መከራ ነው።

ሕዳር 1 ቀን 1755፣ የቅዱሳን ሁሉ በዓል። ሊዝበን ውስጥ ሕዝቡ ቅዳሴ ላይ ነው። ጠዋት መሬት ተንቀጠቀጠች። አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ላይ ወደቁ። ለበዓሉ የበራው ሻማ እሳት አስነሣ። ወደ ወደቡ የሸሹትን ደግሞ ባሕሩ መጣባቸው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። የአውሮፓ ፈላስፎች ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዳይ እንደ ቀድሞው መጻፍ አልቻሉም። ለእኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከ1880 እስከ 1884፣ በእኛ አቆጣጠር፣ «ክፉ ቀን» የምንለው ዘመን ነበር። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀ። በሬ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለ እህል የለም። ስሙን ስንሰማ እንደ ተራ ታሪክ እናልፈዋለን። ያን ጊዜ ግን ልጇን ይዛ ደጀ ሰላም የተቀመጠች እናት ነበረች።

ክርክሩ ሲጠቀለል ይህ ነው። ሁሉን የሚችል፣ ሁሉን የሚያውቅ፣ ፍጹም ደግ አምላክ ካለ ይህ ለምን ይሆናል? በ1955 አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ማኪ እነዚህ ነገሮች አብረው ሊሆኑ አይችሉም አለ፤ እንደ «ክብ አራት ማዕዘን» ናቸው። አሜሪካዊው አልቪን ፕላንቲንጋ በ1974 በነጻ ፈቃድ መለሰለት። በእውነት ነጻ የሆነ ፍጡር መፍጠር ማለት ክፉ ሊሠራ የሚችል ፍጡር መፍጠር ነው፤ ነጻ አድርጎ ደግሞ ማስገደድ አይቻልም። ይህ መልስ ትልቅ ቦታ አግኝቷል። ዛሬ ከማያምኑት ፈላስፎች መካከልም ብዙዎቹ «ፈጽሞ አይታረቁም» የሚለውን ትተዋል። ግን የመሬት መንቀጥቀጥ የማን ፈቃድ ነው? የከብት በሽታስ? በ1979 ዊልያም ሮው ክርክሩን ለዘብ አድርጎ፣ ግን የበለጠ ስል አድርጎ አመጣው። ጫካ ውስጥ በመብረቅ እሳት ተነሣ። አንድ የአጋዘን ግልገል ተቃጥሎ ለቀናት ሲሰቃይ ሞተ። ማንም አላየውም፤ ማንም አልተማረበትም። ይህን መከላከል የሚችልና የሚወድ አምላክ ለምን ተወው? የሮው አባባል «አይቻልም» አይደለም፤ «የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል» ነው።

አማኞች የሚሰጡት መልስ ብዙ ነው። መከራ ሰውን ያበስላል ይላሉ። እውነት አለው፤ መከራ ያበሰላቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ለሚሞት ሕፃን ግን ይህን አልልም፤ ማለትም የለብንም። የተሻለው መልስ የአእምሯችን አጭርነት ነው። ልጅ ክትባት ሲወጋ የሚያውቀው እናቱ ይዛ እንዳስወጋችው ነው፤ ለምን እንደሆነ አይገባውም። ይህ ያስኬዳል፤ ግን ዋጋ አለው። የእግዚአብሔርን ምክንያት አናውቅም ካልን፣ ደስ የሚል ነገር ሲሆን «ይህን ያደረገው ለዚህ ነው» ማለትም ይከብደናል።

ጸሎት ይሰማል ወይ የሚለውን በሙከራ ሊመልሱ የሞከሩም አሉ። ትልቁ በ2006 የታተመው ነው። በስድስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች ባይፓስ የሚባለውን የልብ ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 1,802 ሕሙማን በሦስት ተከፈሉ። ለአንዱ ቡድን ይጸለያል፣ ለሌላው አይጸለይም፤ ሁለቱም የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳሉ አያውቁም። ሦስተኛው እንደሚጸለይለት ተነግሮታል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ችግር የገጠማቸው ከመጀመሪያዎቹ 52 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 51 በመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም። እንደሚጸለይላቸው የሚያውቁት ደግሞ 59 በመቶ ሆኑ፤ ምናልባት «ይህን ያህል ታምሜያለሁ እንዴ?» ብለው ተጨንቀው ይሆናል።

አማኝ ሆኖ ይህን የሚሰማ ሰው፣ እግዚአብሔር የቤተ ሙከራ ዕቃ አይደለም፤ ደግሞም ያልተጸለየላቸው ለተባሉትስ ቤተሰብ አይጸልይም ወይ ይላል። ትክክል ነው። ለራሳችን ግን እውነቱን እንንገር። ውጤቱ ተገላቢጦሽ ቢሆን ኖሮ በየመድረኩ «ሳይንስ አረጋገጠ!» አንልም ነበር? ሲመቸን ማስረጃ፣ ሳይመቸን «አይለካም» ማለት አይቻልም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ክርክር አለ፤ ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚነካኝ እሱ ነው። ካናዳዊው ሼለንበርግ በ1993 አቀረበው። የሚወድ አባት ልጁ እየፈለገው አይደበቅም። በቅንነት የፈለጉ፣ የጸለዩ፣ ያለቀሱ፣ ግን ምንም ያልሰሙ ሰዎች አሉ። «ልባቸው ደንድኖ ነው» ማለት ቀላል ነው። አንዱን ቀርቦ ያነጋገረ ሰው ግን በቀላሉ አይለውም።

ሰማሁ የሚሉም አሉ፤ ብዙዎች ናቸው። ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በ1654 ከፌርማ ጋር ደብዳቤ እየተጻጻፈ የዕድል ሒሳብን መሠረት ጣለ። በዚያው ዓመት፣ ሕዳር 23 ሌሊት፣ ለሁለት ሰዓት ያህል አንድ ነገር ሆነ። «እሳት» ብሎ ጻፈ። «የአብርሃም አምላክ፣ የይስሐቅ አምላክ፣ የያዕቆብ አምላክ፤ የፈላስፎችና የሊቃውንት ያልሆነ» ብሎም ጻፈ። ወረቀቱን ካፖርቱ ውስጥ ሰፋው። በ1662 ሲሞት አገልጋዩ አገኘው። ይህ ለእኔና ለእናንተ ማስረጃ ይሆናል? በተለያየ ሃይማኖት ያሉ ሰዎች እርስ በርስ የማይስማማ ነገር «ሰማን» ማለታቸው ክብደቱን ይቀንሰዋል። ለፓስካል ለራሱ ግን ከማንኛውም የምክንያት ሰንሰለት በላይ ሆኖለታል። የሱ ጥያቄ ሁለተኛው ነበርና።

ኢዮብም የጠየቀው ሁለተኛውን ነው። ፈጣሪ መኖሩን አንድም ጊዜ አልተጠራጠረም። ለምን አትሰማኝም ነው ያለው። ሦስቱ ወዳጆቹ፣ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር፣ ቁጭ ብለው ለእግዚአብሔር ጥብቅና ቆሙ፤ በድለህ ይሆናል አሉት። በመጨረሻ መልስ ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ መጣ፦ «ምድርን በመሠረትሁ ጊዜ አንተ ወዴት ነበርህ?» ምክንያቱን አልነገረውም። ሁለተኛውን ለጠየቀ ሰው የመጀመሪያውን አነሣበት፤ ከዋክብትን፣ ባሕርን፣ የበረዶን መዝገብ። ከዚያም ወደ ኤልፋዝ ዞሮ ተቆጣ። ስለ እኔ ቅን ነገር የተናገራችሁት እናንተ አይደላችሁም፤ ኢዮብ ነው አለው።